ቲፒኤምን ከአንድ ማሽን መጀመር፦ ለሰሜን ሸዋ ፋብሪካዎች የአሠራር መመሪያ

መብራት ድንገት ሲጠፋ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የሚወርደው ጸጥታ ለማንም ደስ አይልም። ሮለሮቹ ይቆማሉ፣ ትልቁ ወንፊት ጥቂት ተወዛውዞ ይረጋል፣ ስንዴውን ወደ ላይ የሚያወጣው ኤሌቫተር ደግሞ በየባልዲው እህል እንደታቀፈ ቀጥ ይላል። መብራት ሲመለስ ሞተሩ ያን ሁሉ ሸክም ይዞ መነሣት ያቅተዋልና የኤሌቫተሩ ሥር ተከፍቶ እህሉ በእጅ ይዛቃል። ደብረ ብርሃን ውስጥ በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ፣ በኅዳር ውርጭ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እንዲህ ስንዝቅ የፈረቃዋ ኦፕሬተር አንጋፋውን መካኒክ፣ «ጋሼ፣ የታችኛው ኩሽኔታ እኮ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያፏጫል» አለቻቸው።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም ልጄ?»

«ለማን ልናገር? ማሽን አትንኪ፣ ቁልፍ ብቻ ተጫኚ ተብዬ የለም እንዴ?»

ስንፈታው ዘንጉን ይዞ የሚያሽከረክረው የኩሽኔታው ብረት ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኖ ነበር። መብራት ባይጠፋ ኖሮ ሳይውል ሳያድር ዘንጉንም ይዞት ይሄድ ነበር።

ሁለንተናዊ ምርታማ ጥገና፣ በአጭሩ ቲፒኤም፣ ብዙ ጊዜ ስምንት ምሰሶና ስፍር ቁጥር የሌለው ሰንጠረዥ ተደርጎ ይቀርባል። እኔ የምረዳው ግን በዚያ ሌሊት ንግግር ነው። ማሽኑ መታመሙን ከሁሉ በፊት የሚያውቀው አጠገቡ የሚቆመው ሰው ነው፤ ቲፒኤም ለዚያ ሰው ጨርቅ፣ የቡሎን መፍቻ ቁልፍ፣ ጊዜና የመናገር ዕድል መስጠት ነው። ከአራቱ ውስጥ ፋብሪካዎቻችን የሚሰስቱት ጊዜውን ነው፤ ስለዚህ ይህ መመሪያ ደጋግሞ ወደ ጊዜ ይመለሳል።

ስለ አመጣጡ ይህን ያህል ይበቃል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ወደ ጃፓን የገባው የመከላከል ጥገና የጥገና ክፍሉ ብቻ ሥራ ነበር። የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚያመርተው ኒፖንደንሶ ፋብሪካው በአውቶማቲክ ማሽን ሲሞላበት መካኒኮቹ ብቻቸውን እንደማይችሉት ተረዳና የዕለት እንክብካቤውን ለኦፕሬተሮች ሰጠ፤ በዚህም ሥራው በ1971 እ.ኤ.አ. ተሸለመ። ወደ እኛ የመጣው ካይዘን በሚባለው የጃፓኖች ሥራን በየጊዜው የማሻሻል ዘዴ በኩል ነው። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ አምስቱ «ማ»ዎች፣ ማለትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ በብዙ ፋብሪካ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። የእናንተም ግድግዳ ላይ ካሉ መነሻ አላችሁ።

ምሳሌዎቼ ከዱቄት ፋብሪካ ናቸው፤ የማውቀው እሱን ነውና። ብርድ ልብስ የሚሠራም ሆነ ውሃ የሚያሽግ ማሽኑን ቀይሮ ያንብበው።

ደረጃ 1፦ ከባለቤቱ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ

በጃፓኖቹ ባለ 12 ደረጃ አካሄድ የመጀመሪያው እርምጃ የበላይ አመራሩ ውሳኔውን በይፋ ማወጁ ነው። ማወጅ እኛ ዘንድ አያስቸግርም። ባነር ይታተማል፣ ኮፍያ ይታደላል፣ ፎቶ ይነሣል፤ ከሁለት ወር በኋላ ባነሩ የጆንያ መሸፈኛ ይሆናል። ስለዚህ አዋጁን ለጊዜው ተዉትና ደቂቃ ጠይቁ፦ በአንድ ማሽን ላይ በየፈረቃው 10 ደቂቃ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ለመጀመሪያው ጽዳት ደግሞ አንድ ሙሉ ፈረቃ። ማሽኑ ቆሞ፣ ደመወዙ እየታሰበ። ፈቃዱ በጽሑፍና በፊርማ ይሁን።

ባለቤቱ የሚመልሱት መልስ አስቀድሞ ይታወቃል፦ «ከሥራ ሰዓት ውጭ አጽዱ።» ይህን አትቀበሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነው ትርፍ ሰዓት ነውና ይከፈልበታል። ከሕጉም በላይ ግን፣ ሰው ወደ ቤቱ መሄጃ ሰዓቱን ተቀምቶ የሚያጸዳውን ማሽን አይወደውም። ቅጣት መስሎ የተጀመረ ነገር ቅጣት ሆኖ ይቀራል።

ለማሳመን በመቶኛ አትናገሩ፤ በኩንታል ተናገሩ። ያለፈውን ትልቅ ብልሽት አንሡ፤ ስንት ሰዓት ቆምን፣ በሰዓት ስንት ኩንታል ይፈጭ ነበር፣ መለዋወጫውን ለማምጣት አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 260 ኪሎ ሜትር ስንት ወጣ? ያን አንድ ገጽ ይዛችሁ ግቡ። አሁንም እምቢ ካሉ ደረጃ 2ን ብቻ ሠርታችሁ በመዝገቡ ተመለሱ። ያለ ጊዜ ግን ከደረጃ 3 በኋላ ያለውን አትሞክሩት፤ የአንድ ሰሞን ግርግር ሆኖ ቀጣዩንም ሙከራ ያበላሻል።

ደረጃ 2፦ ለአራት ሳምንት መመዝገብ

ደብተርና እስክሪብቶ በገመድ አስራችሁ ማሽኑ ላይ ስቀሉ። አራት ዓምድ ይበቃል፦ የቆመበት ሰዓት፣ የተነሣበት ሰዓት፣ የታየው ነገር፣ የጻፈው ሰው። «ምክንያት» የሚል ዓምድ አትጨምሩ። ኦፕሬተሩ «ክር ተበጠሰ» ብሎ ያየውን ይጻፍ እንጂ ምክንያት ፍለጋ ውስጥ አይግባ፤ ምክንያት ሲባል ሰው ወዲያው ጥፋተኛ መፈለግ ይጀምራል። ለአምስት ደቂቃ እንኳን የማይደርሱትን ትንንሽ መቆሞች በጭረት ብቻ ይቁጠራቸው። በአራት ሳምንት ውስጥ በጣም የምትደነግጡት በእነዚያ ጭረቶች ነው።

ቲፒኤም የሚያሳድዳቸው ብክነቶች ስድስት ናቸው፦ ብልሽት፣ በቅያሪና በማስተካከያ የሚጠፋ ጊዜ፣ ትንንሽ መቆም፣ ከተሠራለት ፍጥነት በታች መሮጥ፣ የተበላሸ ምርትና ማሽኑ ሲነሣ እስኪስተካከል የሚባክነው። እነዚህን አንድ ላይ የሚለካው አጠቃላይ የማሽን ውጤታማነት የሚባለው ስሌት ነው። በከረጢት ማሸጊያ ማሽን እንየው።

ፈረቃው 480 ደቂቃ ነው፤ የምሳው 30 ሲቀነስ 450 ይቀራል። ማሽኑ በልዩ ልዩ ምክንያት 90 ደቂቃ ቆመ እንበል፤ የሠራው 360 ነው፤ 360 ለ450 ሲካፈል 80 በመቶ። ማሽኑ በደቂቃ 4 ከረጢት እንዲያሽግ ከተሠራ በ360 ደቂቃ 1,440 ከረጢት ይጠበቅ ነበር፤ የወጣው 1,080 ነው፤ 75 በመቶ። ከ1,080ው ውስጥ 27ቱ ክብደታቸው ጎድሎ ወይም ስፌታቸው ተፈትቶ እንደገና ተሠሩ፤ ደኅናው 97.5 በመቶ። ሦስቱ ሲባዙ 58.5 በመቶ ይሆናሉ። በዓለም ላይ እንደ ጥሩ ልክ የሚጠቀሰው 85 በመቶ አካባቢ ነው፤ ግን እሱን ግድግዳ ላይ አትለጥፉት። ከራሳችሁ ካለፈው ወር ጋር ተፎካከሩ።

መብራት የጠፋበትን ጊዜ ምን እናድርገው? ብዙዎች ከስሌቱ ያወጡታል፤ ሌሎች ሁሉንም በእሱ ያላክካሉ። እኔ በተለየ ቀለም ይጻፍ እላለሁ። መብራት ጠፍቶ የቆመው አንድ ነገር ነው፤ መብራት ከመጣ በኋላ ኤሌቫተሩን ለማራገፍ የጠፋው ሌላ ነው፤ ሁለተኛው የእኛ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በዚህ ደብተር ምክንያት አንድ ሰው ከተቀጣ ከዚያ ቀን በኋላ የሚጻፈው ልብ ወለድ ነው።

ደረጃ 3፦ ማሽኑንና ቡድኑን መምረጥ

የፋብሪካውን እጅግ የተበላሸ ማሽን አትምረጡ፤ እሱ የሚፈልገው እድሳት ነው። አዲሱንም አትምረጡ፤ ለውጡ አይታይም። ሲቆም ሁሉም የሚያየውን፣ ሲሻሻልም ሁሉም የሚያየውን ውሰዱ። ለዱቄት ፋብሪካ ማሸጊያው ወይም አንዱ ኤሌቫተር ጥሩ መነሻ ነው።

ቡድኑ ከሦስቱም ፈረቃ ኦፕሬተሮች፣ አንድ መካኒክ፣ አንድ ኤሌክትሪሽያንና ፎርማኑ ይሁን። ከስብሰባው በፊት ግን ሁለት ሰዎችን ለየብቻ አነጋግሩ። የመጀመሪያው አንጋፋው መካኒክ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ማሽኑ በቆመ ቁጥር የተጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ዕውቀታቸው እንጀራቸው ነው። ለኦፕሬተር ቁልፍ ሲሰጥ ካዩ ቦታቸው የተወሰደ ይመስላቸዋል። «አስተማሪ ይሆናሉ» ስትሏቸው ባዶ ማባበያ እንዳይሆን፣ የሥልጠናውን ሰዓት በፕሮግራም አስይዙላቸውና ቡሎን ከማጥበቅ ነፃ ሲወጡ የሚሠሩትን ትልቅ ሥራ አሳዩአቸው። ሁለተኛዋ ኦፕሬተሯ ናት። የእሷ ጥያቄ ቀላል ነው፦ ሥራ ተጨመረብኝ፣ ምን ተጨመረልኝ? ለዚህ ሐቀኛ መልስ አዘጋጁ። ደመወዝ መጨመር ካልቻላችሁ አትዋሹ፤ ቢያንስ የሥራ ደረጃ ዕድገት ላይ የሚታሰብ መሆኑን አስጽፉላት።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ጽዳት

ከመመሪያው ሁሉ ዋናው ይህ ነው። ጽዳቱ ለውበት አይደለም። እጅ ያልደረሰበት ቦታ ዐይንም አይደርስበትም፤ የምናጸዳው ለመመርመር ነው።

ከሁሉ በፊት ማሽኑን ግደሉት። ዋናው ማብሪያ ይጥፋ፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁልፍ ማብሪያው ላይ ይቆልፍና መክፈቻውን በኪሱ ይያዝ። ስድስት ሰው ካለ ስድስት ቁልፍ ይንጠልጠል። ከዚያ ማስነሻውን ተጭናችሁ አለመነሣቱን አረጋግጡ፤ በቱቦውና በፒስተኑ ውስጥ የቀረውን አየር ልቀቁ። ይህ ሳይሆን ጨርቅ አይነሣ።

ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ሰው ጋቢውንና ሻርፑን ለብሶ ይገባል፤ የጋቢ ጫፍና የሻርፕ ዘርፍ ደግሞ የሚሽከረከር ዘንግ ሲያገኝ ይጠመጠማል። ሻርፕ አውልቁ ማለት ብቻ አይበቃም፤ ልክ የሆነ፣ እጅጌው የሚጠብብ ወፍራም የሥራ ጃኬት መግዛት የዚህ ደረጃ ወጪ ነው። ሌላው ዱቄቱ ራሱ ነው። በአየር ላይ የበነነ ዱቄት ብልጭታ ሲያገኝ ይፈነዳል። ስለዚህ በኮምፕሬሰር አየር እየነፉ ማጽዳት ክልክል ነው፤ በብሩሽ፣ በእርጥብ ጨርቅና ለአቧራ በተሠራ መጥረጊያ ማሽን ሰብስቡት። በዚያ ቀን ብየዳም ሆነ መቁረጫ በአካባቢው አይነሣ።

ሁለት ዓይነት ካርድ አዘጋጁ፦ ነጩ ቡድኑ ራሱ ለሚያስተካክለው፣ ቀዩ ለጥገና ክፍሉ። አንድ ነገር ያገኘ ሰው ቁጥርና ቀን ጽፎ እዚያው ቦታ ላይ ይሰቅላል፤ የካርዱ ቅጂ ሰሌዳ ላይ ይቀራል።

በእኛ ማሸጊያ ማሽን ላይ በአንድ ፈረቃ ከሃምሳ በላይ ካርድ ተሰቀለ። አብዛኛው የላላ ቡሎንና የጠፋ ዳዶ ነበር። የመስፊያው ጭንቅላት ውስጥ ዱቄትና የክር ብናኝ ከዘይት ጋር ተላቁጦ እንደ ቂጣ ሊጥ ደርቋል፤ ክሩ ለምን እንደሚበጠስ ለሁለት ዓመት ስንከራከር ነበር። ከሚዛኑ ሥር አንድ ድጋፍ በሽቦ ታስሯል። ማን እንዳሰረው ሲጠየቅ መካኒኩ ራሳቸው ሳቁ፦ «ለጊዜው ብዬ ነበር።» ሽቦው ዝጎ ነበር። «ለጊዜው» የሚባለውን ቃል በየማሽኑ ላይ ፈልጉት፤ እንዳትረሱት የራሱ ካርድ ይሰጠው።

ማሽኑ ሲቆም ደግሞ ሌላ ነገር ተሰማ፤ ከአየር ቱቦዎቹ የሚወጣ ቀጭን ፉጨት። ይህ ለእኛ ከሌላው ቦታ ይብሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ኮምፕሬሰሩ በአንድ ዙር የሚስበው አየር በዚያው ልክ የሳሳ ስለሆነ የጎደለውን ለመሙላት ረዘም ላለ ጊዜ ይሮጣል። የሚያፈስ ቱቦ ሲጨመርበት እረፍት አያገኝም። በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀብታችሁ የሚፈላውን ቦታ ምልክት አድርጉ፤ ግማሹን በአንድ ከሰዓት በኋላ ትደፍኑታላችሁ።

ነጮቹ ካርዶች በሁለት ሳምንት ውስጥ ይውረዱ። ለቀዮቹ የጥገና ኃላፊው ቀን ቆርጦ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ፤ መለዋወጫ የሚጠብቅ ከሆነም «መለዋወጫ ይጠብቃል» ተብሎ ይጻፍ። ካርድ ሰቅሎ መልስ ያላገኘ ኦፕሬተር ሁለተኛ አይሰቅልም።

ደረጃ 5፦ ቆሻሻውን ከምንጩ፣ ያልተመቸውን ማመቻቸት

በሳምንቱ ማሽኑ እንደገና ዱቄት ለብሶ ታገኙታላችሁ። ጥሩ ነው፤ አሁን ጥያቄው «ማን ያጸዳል?» መሆኑ ቀርቶ «ከየት ይመጣል?» ይሆናል። ያረጀ ጋርኒሲዮን (በክዳን መጋጠሚያ የሚገባ ማሸጊያ ጎማ)፣ የተቀደደ የጨርቅ መጋጠሚያ፣ ያልገጠመ ክዳን ይገኛል። የሌሊቱን ኩሽኔታ በዚህ መንገድ ተከትለነው ነበር። ለምን ተቃጠለ? ግራሶ አልደረሰውም። ለምን? ግራሶ መውሰጃው ቀዳዳ በላሜራ ተሸፍኗል። ላሜራውን ማን አደረገው? ዱቄት እየፈሰሰ ስላስቸገረ እኛው። ለምን ፈሰሰ? የኤሌቫተሩ ሥር ክዳን ጋርኒሲዮኑ አልቋል። የአንድ ክንድ ጎማ ቢቆረጥለት ኖሮ ላሜራም፣ የተቃጠለ ኩሽኔታም፣ በውርጭ ማደርም አይኖርም ነበር።

ለማየት ሃያ ቡሎን የሚያስፈታ ክዳን ማንም አይፈታውም። የቺንጋ (ሞተሩ ማሽኑን የሚያዞርበት ቀበቶ) መሸፈኛውን በጠንካራ የሽቦ ወንፊት ቀይሩት፤ ማሽኑ እየሠራ ቺንጋው ይታያል፣ እጅ ግን አይገባም። ሩቅ ያለውን የግራሶ መውሰጃ በቀጭን ቧንቧ ወደ ውጭ አውጡት።

ደረጃ 6፦ የአሥር ደቂቃው ወረቀት

አሁን ቡድኑ ራሱ የጽዳት፣ የቅባትና የፍተሻ ደንቡን ይጻፍ። ጥገና ክፍሉ ጽፎ የሚያወርደው ወረቀት አይሠራም፤ የጻፈው ሰው ያከብረዋል። አንድ ገጽ፣ ፎቶ ያለው፣ እያንዳንዱ ተግባር የሚወስደው ሴኮንድ የተጻፈበት ይሁን። ተደምሮ ከ10 ደቂቃ ከበለጠ አንዱን አቅልሉ ወይም ወደ ሳምንታዊው አዛውሩት።

ዐይን እንዲሠራ ማሽኑ ላይ ምልክት አድርጉ። በዘይት መስታወቱ ላይ የላይና የታች ልክ፣ በግፊት መለኪያው ላይ አረንጓዴ ቅስት፣ ጠብቆ በተረጋገጠ ቡሎንና ዳዶ ላይ ደግሞ ሁለቱን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን የቀለም መስመር። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው፤ ለማወቅ ቁልፍ አያስፈልግም።

የአገሩንም አየር በወረቀቱ ውስጥ አስገቡት። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የማርሽ ሣጥን ዘይት ይወፍራል፤ ማሽኑ ከመጫኑ በፊት ጥቂት ደቂቃ ባዶውን ይዙር። ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ያለ ፋብሪካ የሚጠቀምበትን የዘይት ዓይነት «እዚያ ጥሩ ነው» ብላችሁ አታምጡ፤ ቆላና ደጋ አንድ ዘይት አያጠጡም፤ የአምራቹን ሠንጠረዥ በሙቀት መጠኑ ተመልከቱ። ሞተሮች በተለምዶ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ተብለው ይሠራሉ። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተርን እንደዚያ አያቀዘቅዝም፤ በወረቀት ላይ ጭነቱ ልክ የሆነ ሞተር በእጅ ሲነካ ይፋጃል። ሞተሩን በሚያቀዘቅዙት ሽንትሮች መካከል የተጋገረ ዱቄት ደግሞ ብርድ ልብስ ነው። «የሞተር ሽንትር መጥረግ» የሚለው መስመር ከወረቀቱ አይጥፋ። የአየር ታንከሩን ውሃ በየፈረቃው ማስወጣትም እንዲሁ፤ ያ ውሃ ቫልቭ ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ደረጃ 7፦ ትምህርቱ ማሽኑ ሥር ይሁን

ሠራተኛውን አዳራሽ አስገብቶ ስላይድ ማሳየት ጊዜ ማባከን ነው። አንድ ርዕስ፣ አንድ ገጽ፣ አሥር ደቂቃ፣ ማሽኑ አጠገብ። መካኒኩ ለኦፕሬተሯ ያስተምራሉ፤ በማግስቱ እሷ ለሌላው ፈረቃ ታስተምራለች። ማስተማር ካልቻለች አልገባትም ማለት ነው፤ ይደገማል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ርዕሶች እነዚህ ቢሆኑ ጥሩ ነው።

ቺንጋ፦ ጎን ለጎን ከሚሠሩ ቺንጋዎች አንዱ ቢበጠስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀየራሉ። አንድ አዲስ ከሦስት አሮጌ ጋር ከተጠመደ አሮጌዎቹ ተለጥጠዋልና ጭነቱን አዲሱ ብቻውን ይሸከማል።

ግራሶ፦ ሲበዛ ይገድላል። የኩሽኔታው ክፍት ቦታ ከሲሶ እስከ ግማሽ ቢሞላ ይበቃል፤ ከዚያ ሲያልፍ ግራሶው ራሱ እየተናጠ ይሞቃል፣ መከለያውንም ገፍቶ ይወጣል። የግራሶ ዓይነት መቀላቀል ደግሞ ሁለቱንም ያበላሻል። «ዛሬ አብዝቼ ሰጥቼዋለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ገጽ ስጡት።

ሙቀት፦ ከሚሽከረከረው ርቃችሁ የኩሽኔታውን ቤት በእጅ ጀርባ ንኩ። እጅ ሳይሸሽ መቆየት ካልቻለ 60 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል፤ ቀይ ካርድ ይሰቀላል። አንዳንድ ማሽን በተፈጥሮው ከዚያ በላይ ይሞቃልና መካኒኩ ቀድመው ልኩን ይንገሩ።

ደረጃ 8፦ ጥገና ክፍሉ ከእሳት ማጥፋት ይውጣ

ኦፕሬተሮች ትንሹን ሥራ ሲረከቡ ለመካኒኮች ጊዜ ይተርፋል። ያ ጊዜ ለታቀደ ጥገና ካልዋለ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደተባለው ብልሽትን ተከትሎ መሮጡ ይቀጥላል። ማሽኖቹን በሦስት መድቡ፦ ሲቆም ፋብሪካውን የሚያቆም፣ ምርት የሚቀንስ፣ ሲበላሽ ቢጠገን ምንም የማይጎዳ። ለሦስተኛው ምድብ የመከላከል ፕሮግራም አታውጡለት፤ ሲበላሽ ይጠገናል። ለመጀመሪያው ግን ከአምራቹ መጽሐፍና ከደብተራችሁ ተነሥታችሁ የዓመት ሰሌዳ አውጡ። ትልቁን ማቆሚያ ለበዓል ሰሞን አታድርጉት፤ ስንዴ በሚሳሳበት በክረምቱ አጋማሽ፣ የዘመን መለወጫ ገበያ ሳይደርስ ቢሆን ባለቤቱም አይከራከሩም።

መለዋወጫ የሰሜን ሸዋ ፋብሪካ ቁስል ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ማሽን ቆሞ ወደ መርካቶ የተላከ ሰው ያገኘውን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምድብ ማሽኖችን የኩሽኔታ ቁጥር ዛሬውኑ ጻፉ። በተለመዱት ኩሽኔታዎች ላይ፣ ከ04 ጀምሮ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ የዘንጉን ውፍረት በሚሊ ሜትር ይሰጣሉ፤ 6206 ከሆነ 30 ሚሊ ሜትር ነው። ከቁጥሩ ኋላ ያሉትን ፊደሎችም አትዝለሉ፤ ክፍት ይሁን፣ በላሜራ ወይም በጎማ የተከደነ ይሁን የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ዱቄት ባለበት ቦታ ክፍቱን መግጠም ኩሽኔታ ሳይሆን ወፍጮ መግጠም ነው። የግዢ ሠራተኛውንም አንድ ቀን ወደ ማሽኑ አምጥታችሁ የሚገዛውን ዕቃ በቦታው አሳዩት።

ውጤቱን በሁለት ቁጥር ተከታተሉ፦ ከብልሽት እስከ ብልሽት በአማካይ ስንት ሰዓት ሠራ፣ አንዱን ብልሽት ለመጠገን በአማካይ ስንት ሰዓት ፈጀ። የመጀመሪያው እያደገ፣ ሁለተኛው እያጠረ ካልሄደ ሰሌዳችሁ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው።

ደረጃ 9፦ ወደ ሁለተኛው ማሽን

ለመጀመሪያው ማሽን ሦስት ወይም አራት ወር ስጡት፤ ለመላው ፋብሪካ ሦስት ዓመት ገደማ አስቡ። ጥራት፣ ሥልጠና፣ ደኅንነት፣ የቢሮ ሥራና የአዲስ ማሽን ግዢ የተባሉት ምሰሶዎች በየተራቸው ይመጣሉ። ከእነዚህ ቶሎ ሊገባ የሚገባው የግዢው ነው፤ አዲስ ማሽን ከመታዘዙ በፊት ኦፕሬተሯና መካኒኩ ሥዕሉን ይዩት፣ «ይህን ክዳን በምን እንከፍተዋለን?» ብለው ይጠይቁ።

ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በፊት አንድ ፈተና ይመጣል። ትእዛዝ ይበዛል፣ መኪና በር ላይ ይሰለፋል፣ ሥራ አስኪያጁ «ለዚህ ሳምንት ብቻ አሥር ደቂቃዋን ዝለሏት» ይላሉ። የፈረሙትን ወረቀት አታውጡ፤ ሰው ፊት ማሳፈር አይጠቅምም። ደብተሩን አውጡና ባለፈው ዓመት በዚሁ ሳምንት ማሽኑ ስንት ሰዓት እንደ ቆመ አሳዩአቸው። የባለፈው ዓመት ደብተር ከሌላችሁ የባለፈው ወሩን አሳዩ። ካልሰሙ አሥሩን ወደ አምስት ዝቅ አድርጉ፣ ግን ዜሮ አታድርጉት።

ሁለተኛውን ማሽን እናንተ አትምረጡት። የመጀመሪያውን ሰሌዳ መተላለፊያው ላይ፣ ሰው ለምሳ ሲወጣ በሚያይበት ቦታ ስቀሉት፤ የወረዱትን ካርዶችም ከነቀናቸው እዚያው ተዉአቸው። አንድ ቀን የጎረቤት ማሽን ኦፕሬተር መጥቶ «ለእኛስ ካርድ የለም?» ይላል። ካርዱንና ቁልፉን ስጡት፣ የመጀመሪያውን ጽዳት ቀን አብራችሁ ቁረጡ፤ መክፈቻ ንግግሩን ደግሞ ያቺ የኤሌቫተር ኦፕሬተር ታድርገው።